ይዞ ሳይጨርስ የሚለቅ እጅ፦ ጄሪ ኮልማን ከሁለተኛ ቤዝ እስከ ማይክራፎን

ቤዝቦልን በደብተር የሚመዘግቡ ሰዎች ለዘጠኙ ተከላካዮች ቁጥር አውጥተውላቸዋል። ወርዋሪው 1፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የሚቀበለው 2፣ አንደኛ ቤዝ 3 (ቤዝ ሯጭ የሚረግጠው ማረፊያ ነው፤ እዚያ የሚቆመው ተከላካይም በስሙ ይጠራል)፣ ሁለተኛ ቤዝ 4፣ ሦስተኛ ቤዝ 5፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የሚቆመው ሾርትስቶፕ 6፤ ኋላ ሣሩ ላይ ያሉት ሦስቱ ከግራ ወደ ቀኝ 7፣ 8 እና 9። ከማሊያ ቁጥር ጋር አይገናኝም። እንግዲህ በ1950 የኒው ዮርክ ያንኪስን ጨዋታ የመዘገበ ሰው ደብተር ላይ 6-4-3 የሚል ጽሑፍ ቢገኝ አነባበቡ ይህ ነው፦ ፊል ሪዙቶ መሬት ለመሬት የመጣችውን ኳስ አነሣ፣ ለጄሪ ኮልማን ሰጠ፣ ኮልማን ሁለተኛ ቤዝን ረግጦ ወደ አንደኛ ቤዝ ወረወረ፤ በአንዲት ኳስ ሁለት ሰው ከጨዋታ ወጣ። (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚገርመው 6ቱም 4ቱም ኋላ ላይ ማይክራፎን ፊት ተቀምጠው ማርጀታቸው ነው። ሪዙቶ ከ1957 እስከ 1996 የያንኪስ ድምፅ ሆኖ ኖረ። ስለ እሱ ብዙ ተብሏል፤ በ1950 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች፣ ከ1994 ጀምሮ በዝነኞች አዳራሽ ስሙ የሰፈረ ሰው ነው። እኔን የሚይዘኝ 4ቱ ነው። ኮልማን በጠቅላላው 723 ጨዋታ ተጫወተ፤ የመምታት አማካዩ 0.263፣ ሆም ረኑ፣ ማለትም ኳሷን ከአጥር ውጭ ያስወጣበት ምት፣ 16 ብቻ። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ገጹን ገልብጦ ያልፋል። እኔ ግን የዚህን ሰው ሜዳና የዚህን ሰው ሬዲዮ ለይቼ ማየት አልቻልኩም። በሁለቱም ቦታ ሙያው አንድ ነበር፤ የመጣውን በእጁ ሳያሞቀው መልቀቅ።

ሁለተኛ ቤዝ ላይ የሚሠራውን ነገር ከሩቅ ለሚያየው ቀላል ነው። ተቀበል፣ ርገጥ፣ ወርውር። ቀርቦ ላየው ግን ሰዓቱ ያስጨንቃል። በቤዞቹ መካከል ያለው ርቀት 27.4 ሜትር ነው፤ በቀኝ እጁ የሚመታ ተራ ሯጭ ያንን በ4 ሰከንድ ተኩል አካባቢ ይጨርሰዋል፣ ፈጣኑ ደግሞ ከዚያ ባነሰ። በዚያች ጊዜ ውስጥ ኳሷ መሬት እየነጠረች ሾርትስቶፑ ዘንድ መድረስ፣ ከእሱ ወደ ሁለተኛ ቤዝ መብረር፣ ከዚያ ወደ አንደኛ ቤዝ መሄድ አለባት። ሦስት ሰው ይነካታል። አንዱ ግማሽ ሰከንድ ካባከነ ሁለተኛው አውት፣ ከጨዋታ ሊወጣ የነበረው ሁለተኛው ሰው፣ ሄደ።

ሥራው የሚጀምረው ወርዋሪው ከመወርወሩ በፊት ነው። አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ካለና አውቱ ከሁለት በታች ከሆነ ሁለተኛ ቤዙ ጥቂት እርምጃ ወደ ፊትና ወደ ቤዙ ይጠጋል። ይህ ዋጋ አለው፤ በቀኙም በግራውም የምታመልጠው ኳስ ይበዛል። መቺው እንደመታ ወደ ቤዙ በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል፤ ሊደርስ ሲል ግን እርምጃውን ያሳጥራል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በሙሉ ፍጥነት የገባ ሰው ኳሷ ከኋላው ከመጣች ሰውነቱን መመለስ አይችልም። ቀድሞ ደርሶ ቆሞ የሚጠብቀው ደግሞ ለሯጩ እንደ ምሰሶ ይገተርለታል። እጆቹን ደረቱ ላይ ከፍቶ ለሾርትስቶፑ ዒላማ ያሳየዋል፣ ግራ እግሩን ቤዙ ላይ ያሳርፋል። ከዚያ በኋላ የሚወስነው እሱ ሳይሆን ኳሷ ናት። ወደ ውስጥ ወደ ወርዋሪው አቅጣጫ ካደላች ቤዙን ተሻግሮ ይወረውራል፣ ወደ ውጭ ካደላች ቤዙን በእግሩ ገፍቶ ወደ ኋላ ይወጣል። ፈጽሞ ከተበላሸች ግን ሁለተኛውን አውት መርሳት ነው። ተዘርግቶ መያዝና አንዱን እርግጠኛ ማድረግ። ሁለት አገኛለሁ ብሎ ሁለቱንም ያጣ ሰው ከአሠልጣኙ የሚሰማውን ይሰማል።

አያያዙ ደግሞ ከመያዝ ይልቅ ማቆም ቢባል ይቀላል። ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ጠልቃ ከገባች ለማውጣት ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ጓንቱ ጠፍጠፍ ይላል፣ ቀኝ እጅ ከጎኑ ይጠብቃል፣ ኳሷ ቆዳውን ነክታ ወደ ቀኝ መዳፍ ትተላለፋለች። የሁለተኛ ቤዝ ጓንት ከሌሎቹ አጠር ያለው ለዚህ ነው። ዛሬ 28 ወይም 29 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ በኮልማን ዘመን ከዚያም ያንስ ነበር። (በነገራችን ላይ እስከ 1954 ድረስ ተጫዋቾች ተራቸው ሲያልቅ ጓንታቸውን እዚያው ሣር ላይ ጥለው ይወጡ ነበር፤ ተመልሰው ከጣሉበት ያነሡታል።) በዚያች ቅጽበት ጣቶቹ ስፌቱን ሳያዩ ማግኘት አለባቸው፤ ጣት ስፌቱን አቋርጦ ካልያዘ ኳሷ በአየር ላይ ትታጠፋለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሁለተኛ ቤዙ ፊቱን የሰጠው ለሾርትስቶፑ ነው። ከአንደኛ ቤዝ የሚመጣው ሯጭ በግራ ጎኑና ከጀርባው በኩል ነው ያለው፤ የሚመጣውም ቤዝ ለመያዝ ብቻ አይደለም፣ እግሩን ሊጠርገው ነው። በ1950 ይህ ሕጋዊ ነበር። ሕጉ የጠበቀው በ2016 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ጥቅምት የሎስ አንጀለሱ ቼዝ አትሊ ተንሸራቶ ገብቶ የኒው ዮርክ ሜትሱን ሩበን ቴሃዳን እግር ከሰበረ በኋላ። ኮልማን በዚያ ሕግ አልባ ቤዝ ላይ እየዘለለና እየተጠማዘዘ በመወርወር ነው የታወቀው። ክንዱን ዝቅ አድርጎ ከጎን መወርወርም ለፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ኳስ ወደ ግንባሩ ስትመጣ ያየ ሯጭ ቀደም ብሎ ይተኛል፣ ቀደም ብሎ የተኛ ሯጭ ደግሞ ቤዙ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል።

በታችኞቹ ሊጎች ኮልማን ሾርትስቶፕ ነበር። ያንኪስ ግን በዚያ ቦታ ሪዙቶ ነበራቸው፤ በ1949 አዲሱ አሠልጣኝ ኬሲ ስቴንግል ወደ ሁለተኛ ቤዝ አሻገረው። በ128 ጨዋታ በአሜሪካን ሊግ ሁለተኛ ቤዞች ሁሉ ዝቅተኛ የስሕተት መጠን የነበረው እሱ ነው፤ ከመቶ 98.1 የሆነውን አጥርቶ ሠራ። አሶሽዬትድ ፕሬስም የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች አለው።

ያ ዓመት ያለቀው በአንዲት አስቀያሚ ኳስ ነው። ጥቅምት 2 ቀን ያንኪስና ቦስተን ሬድ ሶክስ እኩል 96 ድል ይዘው ኒው ዮርክ ላይ የመጨረሻውን ጨዋታ ገጠሙ፤ ያሸነፈ ሊጉን ይወስዳል። በስምንተኛው ኢኒንግ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች በስምንተኛው) ሦስቱም ቤዝ ሞልቶ ኮልማን ለመምታት ቆመ። የመታት ኳስ አልጠነከረችም። ከሁለተኛ ቤዙ ራስ በላይ ተንሳፍፋ ከቀኝ ሣር ተከላካዩ ፊት ልትወድቅ ሆነ። አል ዛሪላ ተወርውሮ ሞከረ፣ አልደረሰባትም፣ ሦስቱም ሯጮች ገቡ። ያንኪስ 5 ለ 3 አሸነፉ። አጥብቆ የተመታ ኳስ ብዙ ጊዜ ቀጥ ብሎ ጓንት ውስጥ ይገባል፤ ደካማው ደግሞ ማንም በሌለበት ይወድቃል። ቤዝቦልን ለመውደድም ለመጥላትም ይህ አንዱ ምክንያት ይበቃል።

በ1950 መደበኛ ወቅት 0.287 መታ። በፍጻሜው ዓለም አቀፍ ሲሪዝ ያንኪስ ፊላደልፊያን 4 ለ 0 ሲጠርጉ በመጀመሪያው ጨዋታ የገባችው ብቸኛ ነጥብ በኮልማን ምት የመጣች ነበረች፤ ሦስተኛው ጨዋታም በዘጠነኛው ኢኒንግ በእሱ ምት 3 ለ 2 አለቀ። የኒው ዮርክ ጸሐፊዎች የሲሪዙን ምርጥ ተጫዋች የቤብ ሩት ሽልማት ሰጡት። ታላቁ ኮከብ ጆ ዲማጆ ባለበት ቡድን ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ።

ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ለምን እንደሚያጥር ለማወቅ ግን ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ኮልማን በ1924 በሳን ሆዜ ካሊፎርኒያ ተወለደ። በ1942፣ ገና አሥራ ስምንት ሲሞላው፣ ከአንድ የታችኛ ሊግ ወቅት በኋላ ለበረራ ሥልጠና ተመዘገበ። በማሪን ኮር አብራሪነት ዶንትለስ የተባለውን ጠልቆ ቦምብ የሚጥል አውሮፕላን በሰለሞን ደሴቶችና በፊሊፒንስ 57 ጊዜ ለግዳጅ አበረረ። ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ቤዝቦል ተመለሰ፤ በ1952 እንደገና ተጠራ። በኮሪያ ኮርሴር በተባለው ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላን 63 ግዳጅ ጨመረ። አንድ ጊዜ ቦምብ ጭኖ ሲነሣ ሞተሩ ቆመበት፣ አውሮፕላኑ ተገለበጠ፣ የራስ ቁሩ ማሰሪያ ሊያንቀው ደርሶ ተረፈ። በሁለት ጦርነት የተዋጋ የሜጀር ሊግ (የከፍተኛው ደረጃ) ተጫዋች እሱ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ቴድ ዊሊያምስን ነው፤ ዊሊያምስ በኮሪያ ተዋግቷል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን አሠልጣኝ አብራሪ ነበር እንጂ ግንባር አልደረሰም።

ለአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በ1953 ኮልማን በኮሪያ ሰማይ ላይ ለእግረኛ ጦር ድጋፍ ሲበር የኢትዮጵያ ሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆኖ እዚያው አገር ተራራ ላይ ምሽግ ይዞ ነበር። ተገናኝተዋል አልልም፤ የሚያገናኛቸው ጦርነቱና ዓመቱ ብቻ ነው። ምሽግ ውስጥ ያለ ሰው ከላይ የሚያልፈውን ድምፅ እንጂ የአብራሪውን ስም አያውቅም፣ አብራሪውም የታቹን ፊት አያይም። ሆኖም የቃኘው አባት ወይም አያት ያለው ሰው የኮልማንን ታሪክ ሲያነብ ያ የ1953 መስመር እንደ ሌሎቹ መስመሮች አያልፈውም ብዬ እገምታለሁ።

በመስከረም 1953 ወደ ያንኪ ስታዲየም ተመለሰ። የተመለሰው ግን የሄደው አልነበረም። የርቀት ግምቱ ተዛብቶ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ በ1954 የመምታት አማካዩ ወደ 0.217 ወረደ፤ በ1955 ከአንገቱ ሥር ወደ ትከሻው የሚሄደው አጥንቱ ተሰበረ። መቺ ኳሷ መቼ እንደምትደርስ የሚያውቀው በዓይን የርቀት ግምት ነው፤ ከ18.44 ሜትር የተለቀቀች ፈጣን ኳስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ትደርሳለች፣ በዚያ ላይ ጥቂት መዘግየት ምቱን መና ያስቀረዋል። ለመሰናበቻው ግን ጥሩ ነገር ሰጠ። በ1957 ሲሪዝ በ22 ሙከራ 8 ምት አገኘ፤ ያንኪስ በሚልዋኪ ተሸነፉ፣ እሱም በ33 ዓመቱ ጓንቱን ሰቀለ።

መጀመሪያ ያንኪስ ቢሮ ውስጥ ተጫዋች የሚመለምል ሥራ ያዘ። ማይክራፎን ያስያዘው በ1960 ሲቢኤስ ነው። አጀማመሩን ራሱ እየሳቀ ሲያወራው የኖረ ነገር አለ፦ ከጨዋታ በፊት በቀጥታ ሥርጭት ቃለ መጠይቅ እያደረገ ሳለ ብሔራዊ መዝሙሩ ተጀመረ፣ እሱ ግን ጥያቄውን ቀጠለ። የተቆጣ ተመልካች ደብዳቤ ጎረፈ። ማንም ቁም አላለኝም ነው ነገሩ። ሁለት ጦርነት የተዋጋ ሰው በመዝሙር ላይ በማውራቱ ሲወቀስ ማየት ያሳቃል፤ ግን ስሕተቱ የሙያ ስሕተት ነው። ሜዳ ላይ ያለ ሰው ጨዋታው ራሱ ያስቆመዋል። ስቱዲዮ ውስጥ ያለ ሰው ራሱን ማስቆም አለበት።

በ1963 የያንኪስ ሥርጭት ክፍል ሲገባ ከጎኑ የነበሩትን እዩ፦ ሜል አለን፣ ሬድ ባርበር፣ ያው የድሮው 6፣ ሪዙቶ። ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ አስተማሪዎቹም አንዱ ከሌላው ጋር የማይመሳሰሉ። ባርበር ጠረጴዛው ላይ እንቁላል መቀቀያ የሦስት ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት ያስቀምጥ ነበር። አሸዋው ባለቀ ቁጥር ውጤቱን ይናገራል፣ ሰዓቱን ይገለብጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ጨዋታው ሲጀመር አልተቀመጠም። መኪና ውስጥ ገብቶ አሁን ነው የከፈተው። ስንት ለስንት እንደሆነ ሳይሰማ አምስት ደቂቃ ከቆየ ያጠፋዋል። ዛሬም ብዙ አስተላላፊ የሚወድቅበት ይኸው ነው፣ በየትኛውም ስፖርት፣ በየትኛውም ቋንቋ። ሪዙቶ ደግሞ በሌላው ጫፍ ነበር። የውጤት ደብተሩ ላይ የራሱ ምልክት ነበረችው፣ አላየሁም ነበር ለማለት። ስለ ልደትና ስለ ጣፋጭ ኬክ ሲያወራ ያመለጠውን ኳስ በዚያች ምልክት ይዘጋታል። አድማጩ ወደደው።

ኮልማን ከሁለቱ መካከል ወደቀ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት የሬዲዮ ሥራው ራሱ ምን እንደሚፈልግ ማየት ነው። ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት አስተላላፊው ቢያንስ ኢኒንጉን፣ አውቱን፣ የቦልና የስትራይክ (ለመቺው የሚቆጠሩለትና የሚቆጠሩበት ውርወራዎች) ቁጥሩን፣ ማን የትኛው ቤዝ ላይ እንዳለ መያዝ አለበት። ኳሷ ስትመታ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም፦ መጀመሪያ እንዴት እንደተመታች፣ መሬት ለመሬት ናት፣ ቀጥ ያለች ናት ወይስ ከፍ ያለች፤ ከዚያ ወደ የት፤ ከዚያ ማን እየደረሰባት እንደሆነ፤ ከዚያ ሯጮቹ፤ መጨረሻ ውሳኔው። አንዱን ዘልሎ ወደ መጨረሻው የሄደ ሰው አድማጩን ጨለማ ውስጥ ይተወዋል። በተለይ ከፍ ብላ የምትበር ኳስ አታላይ ናት። ከማሰራጫው ክፍል ሲታይ ርቀቷ አይለይም፤ ዓይን ኳሷን ከተከተለ ሆም ረን የሚመስለው ሁሉ ግማሹ በተከላካይ እጅ ያልቃል። የቆዩት የሚመክሩት ኳሷን ሳይሆን ተከላካዩን እንዲያዩ ነው። ተከላካዩ መሮጡን ትቶ ቀና ካለ ኳሷ አልፋለች፤ እየተንደረደረ ከሆነ ዝም በል።

ኮልማን ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ግን እንደ ውስጠኛ ሜዳ ተጫዋች ነው የሚናገረው። ዓይኑ ኳሷን፣ ሯጩንና ቤዙን በአንድ ጊዜ ይይዛል፣ አፉ ደግሞ ጓንት ውስጥ ሳታድር ይለቃታል። ስለዚህ አንዳንዴ ቃሉ ስፌቱን ሳያገኝ ይወጣል። በስሙ የሚጠቀሱት ሁለቱ ዝነኛ ስሕተቶች ይህን ያሳያሉ። በመጀመሪያው ሪች ፎልከርስ የተባለ ወርዋሪ ለመግባት ሰውነቱን እያሟሟቀ ነበር። በእንግሊዝኛ መወርወር በሚለው ግሥ ላይ አንዲት ትንሽ ቃል ከተጨመረች ማስመለስ ይሆናል። ያቺ ቃል ሾልካ ገባች፤ ሰውየው በሬዲዮ ሲያስመልስ ተገኘ። ኮልማን እንዲህ አላልኩም ብሎ ተከራክሯል። በሁለተኛው ተከላካዩ ዴቭ ዊንፊልድ ወደ ግድግዳው አፈግፍጎ ጭንቅላቱን ከግድግዳው አጋጨ፣ ተንከባለለ፣ እስከ ሁለተኛ ቤዝ ድረስ እየተንከባለለ ነው አለ። ኳሷን ማለቱ ነው። አድማጩ ግን የሰማው ጭንቅላቱን ነው።

በአማርኛ ቢሆን ይህቺ ሁለተኛዋ ትድን ነበር። የእኛ አስተላላፊዎች ኳሷ ማለት ስለለመዱ ተንከባለለች ይሉና ግሡ ራሱ ይለያታል፤ ጭንቅላት ተንከባለለ፣ ኳስ ተንከባለለች። እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱም አንድ ተውላጠ ስም ነው ያለው። መፍትሔው አሰልቺ ነው፦ ስሙን ደግመህ ጥራ፣ ኳሷን ኳስ በላት። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እዚህ ደግሞ ራስም አብሮ አመለጠ።

ብዙ ሰው እነዚህን እየለቀመ ኮልማንን አፉ የማይታዘዝለት ሽማግሌ አድርጎ ይስለዋል። እኔ አልቀበለውም። ቤዝቦል ውስጥ የተከላካይ ስሕተት የሚቆጠረው ደርሶባት ላበላሻት ኳስ ነው፤ ወዳልደረሰባት ኳስ ያልሮጠ ሰው ስሕተት አይጻፍበትም። ቆሞ የሚያሳልፍ ሁለተኛ ቤዝ ንጹሕ መዝገብ ሊኖረው ይችላል። ማይክራፎን ላይም ያው ነው። በእያንዳንዱ ኢኒንግ የተለመዱትን ሃያ ሐረጎች የሚደጋግም ሰው ምላሱ አይያዘውም፣ አድማጩም ምንም አያይም። ኮልማን ወደ ኳሷ ይሮጣል። የሚያስቀው ደግሞ ሜዳ ላይ በ1949 ከሁሉ ያነሰ ስሕተት የነበረው ሰው መሆኑ ነው።

መልቀቅ ማለት ግን ማብዛት አይደለም። ግንቦት 14 ቀን 1967 የድሮ የቡድን ጓደኛው ሚኪ ማንትል 500ኛውን ሆም ረን ሲመታ በቴሌቪዥን ያስተላለፈው ኮልማን ነበር። ጥቂት አጫጭር ቃላት፤ ከዚያ ለሕዝቡ ጩኸት ቦታ ለቀቀ። አብሮ የተጫወተው ሰው ነው፤ ታሪኩን፣ ጉልበቱን፣ የጉልበት ሕመሙን ሁሉ ያውቃል። አንዱንም አላነሣም።

በ1972 ወደ ሳን ዲዬጎ ፓድሬስ ሄደ። ቡድኑ በ1969 የተመሠረተ ሲሆን ከተሸነፈው በላይ ያሸነፈበትን ወቅት እስከ 1978 አላየም። በ1974 ወደ ዋሽንግተን ሊዛወር ደርሶ የማክዶናልድሱ ሬይ ክሮክ ገዝቶ አስቀረው። የሚያሸንፍ ቡድን አስተላላፊ ውጤቱን ቢያነብ ይበቃዋል፤ 10 ለ 2 እየተሸነፈ ያለ ቡድን ግን በሰባተኛው ኢኒንግ ሬዲዮው የማይጠፋበትን ምክንያት አስተላላፊው መፍጠር አለበት። ኮልማን የፈጠረው ኮከብ ነበር። ጥሩ ጨዋታ ሲያይ ኮከብ ይሰቀልላት ይላል፤ በገዛ ሜዳቸው ከሆነም ከማሰራጫው ክፍል መስኮት የወርቅ ቀለም ያለው ኮከብ ያንጠለጥላል። የባሕር ኃይልና የማሪኖች ከተማ በሆነችው ሳን ዲዬጎ ኮሎኔል ይሉት ነበር፤ ሌተና ኮሎኔል ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው።

ከዚያ 1980 መጣ። ከዚያ በፊት አንድም ቡድን አሠልጥኖ የማያውቀውን ሰው ከማይክራፎኑ አንሥተው አሠልጣኝ አደረጉት። 73 አሸንፈው 89 ተሸነፉ፣ የምዕራብ ምድቡ መጨረሻ ሆኑ፣ ተሰናበተ፣ በ1981 ወደ ሬዲዮው ተመለሰ። ውድቀት ተብሎ ያልፋል። ግን ቡድኑን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሦስት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው ከ50 በላይ ቤዝ ሰረቁ፣ ማለትም ኳስ ሳይመታ ሮጠው ቀጣዩን ቤዝ ያዙ፤ ጂን ሪቻርድስ 61፣ ኦዚ ስሚዝ 57፣ ጄሪ መምፍሪ 52። ስሚዝ ደግሞ በዚያው ዓመት በሾርትስቶፕነት 621 ጊዜ ወርውሮ አውት በማስገኘት እስከ ዛሬ ያልተደፈረ ክብረ ወሰን አስመዘገበ። የሚሮጥና የሚከላከል ቡድን ነው፤ የድሮ ውስጠኛ ሜዳ ሰው የሚመኘው ዓይነት። የጎደለው አርቆ የሚመታና የሚወረውር ነበር። በዚያ ላይ እንደሚመስለኝ አሠልጣኝነት ከሁለቱ ሙያዎቹ ጋር ይጋጫል። ሁለተኛ ቤዝም ሬዲዮም ኳሷ ከመጣች በኋላ የሚሠሩ ናቸው፤ ፍጥነትህ ነው የሚለካው። አሠልጣኝ ግን ኳሷ ሳትመጣ ነው የሚወስነው። ወርዋሪው መድከሙን ሁሉም ካየ በኋላ የለወጠ አሠልጣኝ ዘግይቷል።

ፓድሬስ በ1984 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፍጻሜው ሲሪዝ ሲያልፉ ድምፁ እዚያ ነበር፤ በዲትሮይት 4 ለ 1 ተሸነፉ። በ1998 ሲመለሱ ደግሞ ተጋጣሚያቸው ያንኪስ ሆኑ፤ 4 ለ 0። በ2005 የቤዝቦል አስተላላፊዎች ትልቁን ክብር፣ የፎርድ ፍሪክን ሽልማት ተቀበለ። ይህ ሽልማት ለድምፁ ነው፤ ለ723ቱ ጨዋታዎች አይደለም።

በ2012 የፓድሬስ ሜዳ በሆነው ፔትኮ ፓርክ ውስጥ ሐውልት ቆመለት። የበረራ ልብስ ለብሶ ነው የተቀረጸው። በሚቀጥለው ወቅት፣ በ2013፣ ሰማንያዎቹን እየጨረሰ አሁንም ከዚያው ሕንፃ ላይ በሬዲዮ ኳሷ የት እንደወደቀች ይናገር ነበር። ጥር 5 ቀን 2014 በ89 ዓመቱ አረፈ፤ አዲሱ ወቅት ሊጀመር ሦስት ወር እንኳ አልቀረውም ነበር።